ሶስት ነጥብ፣ የታመመ ጉልበት እና መረብ የሌለው ሪንግ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ወጣ ወጣ እያለ ነው፣ ሜዳውም እየደረቀ ነው፣ ሜዳ ያልኩት ያው የኮንዶሚኒየሙን መኪና ማቆሚያ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዝናብ ቤት ተዘግታችሁ ስልካችሁ ላይ ክሊፕ ስታዩ እንደከረማችሁ ከምትልኩት ጥያቄ በደንብ ያስታውቃል፣ ግማሹ ስለ ከሪ፣ ስለዛ ከሩቅ ወርውሮ በሚያገባው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጭቄያቸዋለሁ፣ የረዘሙትንም ቆርጫለሁ (አንዱ ወንድማችን ከክርስትናው ጀምሮ ነው ታሪኩን የጻፈልኝ፣ አንብቤዋለሁ፣ እዚህ ግን አይገባም)።

ባስኬት መጫወት ያስረዝማል ወይ? ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከገላን፣ ኧረ ከየት ያልተጠየቀ አለ።

አያስረዝምም። ረጃጅሞቹን ሜዳ ላይ የምታዩአቸው ስለረዘሙ ተመርጠው ነው እንጂ ተጫውተው ረዝመው አይደለም። ቁመት ከወላጅ፣ ከምግብ እና ከእንቅልፍ ነው፣ ወላጅ መቀየር ስለማይቻል እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ስልክ መነካካቱን ተዉት።

ከኮዬ ፈጬ አንድ አባት በጣም የሚጥም ደብዳቤ ጽፈውልኛል። በሰባዎቹ ትምህርት ቤት እያሉ ተጫዋች ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ ረጅሙ ልጅ ሪንግ ስር ይቆማል፣ ኳሱ ለሱ ይሰጣል፣ እሱ ዞሮ ያገባል፣ አለቀ። አሁን ከልጃቸው ጋር ቲቪ ላይ ሲያዩ ሁሉም ሰው፣ ሁለት ሜትር ከአስር የሆነው ግዙፍ ሰውዬ ሳይቀር፣ ከሩቅ ይወረውራል። «ይሄ ቅርጫት ኳስ ነው ወይስ ወፍ ጥበቃ ማማ ላይ ሆኖ ድንጋይ መወርወር?» ብለዋል።

ጋሼ፣ በሳቅ ገደሉኝ። ግን እኮ ጨዋታው አንድ ቀን እንኳን ቆሞ አያውቅም። ጄምስ ኔይስሚት የሚባለው የስፖርት መምህር በፈረንጆች 1891 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ በ13 ሕግ ሲጀምረው ድሪብል፣ ማለትም ኳስ እያነጠሩ መሄድ፣ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረም፣ ኳስ የያዘ ሰው ካለበት ሆኖ ማቀበል ብቻ ነው። ያኔ የነበረ ሰው የእርስዎን ዘመን ድሪብል ቢያይ እሱም «ምን ጉድ ነው» ይል ነበር።

ከዛ ደሞ ኳስ ይዞ መቀመጥ የሚባል በሽታ መጣ። የመራ ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓት ይገላል። በ1950 በአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ኤንቢኤ ውስጥ አንድ ጨዋታ 19 ለ 18 አለቀ፣ ሙሉ ጨዋታው ነው የምልዎት! ሕዝቡ ትኬት መግዛት ሲሰለቸው በ1954 የ24 ሴኮንድ ሰዓት ገባ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ካልወረወርክ ኳሱን ታስረክባለህ። ጨዋታው የተፈታው ያኔ ነው።

የሶስት ነጥብ መስመር (ከሱ ውጪ ሆኖ ያገባ በሁለት ፈንታ ሶስት ነጥብ ያገኛል) ኤንቢኤ የገባው በ1979 ነው፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ ደሞ በ1984 ተቀበለው፣ ስለዚህ እርስዎ ሲጫወቱ መስመሩ ሜዳችሁ ላይ ባይኖር አይገርምም። የሚገርመው ከገባም በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሶስት ጊዜ እንኳን አይሞክርም ነበር። አሁን ከ35 በላይ ነው። ምን ተፈጠረ? አንደኛ ሂሳብ። ከሶስት ነጥብ መስመር 100 ተወርውሮ 36 ቢገባ 108 ነጥብ ነው። ከመስመሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ያ መሀል ላይ ያለው ቦታ፣ 100 ተወርውሮ 40 ቢገባ 80 ነጥብ። ሪንግ ስር 60 ቢገባ 120። ይሄን ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል፣ ወይ ሪንግ ስር ግባ ወይ ከመስመሩ ውጣ፣ መሀል ላይ አትነግድ።

ሁለተኛው ሕግ ነው። ኤንቢኤ እስከ 2001 ድረስ ዞን ዲፌንስን ይከለክል ነበር፣ ማለትም ረጅሙ ሰውዬ ኳስ ሲቀበል ሌሎቹ ተከላካዮች ዙሪያውን እንደፈለጉ መክበብ አይችሉም፣ ለዛ ነው ከአንድ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚያገባው። ሲፈቀድ ተከበበ። የተከበበን ሰው የምታስፈታው ደሞ ውጪ የቆሙት ሰዎች ማግባት ሲችሉ ነው፣ ያኔ ተከላካዩ ትቷቸው መምጣት ይፈራል። ከዛ በ2004 ተከላካይ በእጁ እየገፋ ኳስ የያዘውን ማንገላታቱ ጠበቅ ተደርጎ መነፋት ሲጀምር ፈጣኖቹ ትናንሾች ተለቀቁ፣ የፊኒክሱ ስቲቭ ናሽ እና ጓደኞቹ 24ቱ ሴኮንድ ሳይጋመስ ሲወረውሩ ያየ ሰው ያስታውሳል። ከሪ በ2015/16 በአንድ የውድድር ዘመን 402 ሶስት ነጥብ ሲያገባ ነገሩ የሆነ ሰው አመል መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሆነ።

ግን ልክ ነዎት ደሞ። በ2018 ሂውስተን ለፍጻሜ ሊያልፍ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ቆሞ፣ በሜዳው፣ 27 ሶስት ነጥብ በተከታታይ ሳተ። ሀያ ሰባት! እኔ ያኔ ሌሊት ተነስቼ እያየሁ ነበር፣ አስራ አምስተኛው ላይ ባለቤቴ «ተኛ፣ አይገባላቸውም» አለችኝ፣ ልክ ነበረች። ስለዚህ ልጅዎን ጨዋታው ተበላሸ አይበሉት፣ ይልቅ ያን የሪንግ ስር አዟዟርዎን ያሳዩት። ዛሬ ከረጃጅሞቹ ሁሉ በላይ የሆነው ዮኪች ብዙም አይዘልም፣ በሩጫም አይታማም፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እና ማን ነጻ እንደሆነ ግን ያውቃል። በ2014 የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋች በተራ ሲመርጡ 41ኛ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተብሏል።

ጆርዳን ወይስ ሌብሮን?

ጆርዳን። ቀጥሎ።

ከየካ አባዶ የ16 ዓመት ልጅ፣ ቁመቱ 1.72፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ አባራ ባለ ቁጥር እየወረደ ከመስመሩ አንድ ሜትር ርቆ ይወረውራል። ከአስር ሁለት፣ በደህና ቀን ሶስት ያገባል። ጓደኞቹ «ከሪ» ይሉታል። የሰፈሩ ቡድን ግን ሁለት ጊዜ ሞክሮት አላስገባውም፣ አሰልጣኙ ይጠላኛል ይላል፣ ምን ልስራ?

ስማ ወንድሜ፣ ያንተ ደብዳቤ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ያንተ ብቻ ስላልሆነ፣ እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያቸው ልጆች ሁሉ እንዳንተ ናቸው፣ ሜዳ ይገባሉ፣ ሰላም ሳይሉ መሀል ሜዳ ላይ ቆመው ይወረውራሉ፣ ኳሱ ቦርዱን ስቶ መኪና ስር ይገባል፣ ጥበቃው ይጮሃል፣ አንዱ ሄዶ ያመጣል፣ ሌላው ይወረውራል። አንድ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ላብ የሚያልበው ጥበቃው ብቻ ነው።

አሰልጣኙ አይጠላህም። ከአስር ሁለት ተኩል ማለት ከመቶ 25፣ 75 ነጥብ ነው፣ ቅድም ለጋሼ ካሰላሁላቸው መጥፎ ከሚባለው የመሀል ሹት ያንሳል። ያውም ማንም ሳይከላከልህ! እጅ ፊትህ ላይ ሲመጣ ስንት እንደምትሆን አንተው አስላው።

የክሊፑ ችግር ምን መሰለህ፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚያሳይህ። ኳሱ ከእጁ ወጣ፣ ገባ፣ ሕዝቡ ጮኸ። ከዛ በፊት ያለው ሀያ ሴኮንድ ተቆርጧል። ሙሉ ጨዋታ አግኝተህ ከሪን ብቻ ተከተለው፣ ኳሱን ተወው፣ እሱን ብቻ እይ። ይሮጣል። ኳስ ሳይዝ ይሮጣል፣ ተከላካዩን ለማገድ በቆመለት ጓደኛው (ስክሪን ይሉታል) አጠገብ ያልፋል፣ ይቆማል፣ የተኛ ይመስላል፣ ድንገት ወደ ኮርነር ይወጣል፣ ሁለት ሰው ይዞ ይሄድና ሪንግ ስር ያለው ጓደኛው ባዶ ይቀራል፣ እሱ ኳሱን ሳይነካ ሁለት ነጥብ ተቆጠረ። ለኔ የዘመኑ ጨዋታ ማለት ያ ነው። ርቀቱ አይደለም የተለወጠው፣ ክፍት ቦታው ነው። ርቀቱ የመጣው ቦታ ለመክፈት ነው። አንተ ግን ማንም በሌለበት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው ከሩቅ የምትወረውረው፣ ለማን ነው ቦታ የምትከፍተው? ለቪትዝ?

ሌላ ልንገርህ። ከሪ ልጅ እያለ ቀጭን ስለነበር ኳሱን ከወገቡ አካባቢ እየገፋ ነበር የሚወረውረው፣ ልክ እንዳንተ (እንዳንተ መሆኑን በምን አወቅህ ካልከኝ፣ በ16 ዓመትህ ከመስመሩ ርቀህ ሌላ በምን ታደርሰዋለህ)። አባቱ ዴል ከሪ የኤንቢኤ ተጫዋች ነበር፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለ አንድ ክረምት ሹቱን ከዜሮ አፈረሰበት፣ ኳሱ ከጭንቅላት በላይ እንዲወጣ። ለረጅም ጊዜ ከሪንጉ አጠገብ ብቻ ነበር መወርወር የሚችለው፣ ራሱ እንደተናገረው በሕይወቱ የተማረረበት ክረምት ነው። ያን ክረምት የሚያሳይ ክሊፕ ግን አይላክልህም።

ስለዚህ አፍርሰው። ከሪንጉ ሁለት ሜትር ላይ ቁም። ኳሱ በአንድ እጅ፣ ሌላኛው ደግፎ ብቻ፣ ክርንህ ከኳሱ ስር፣ ጉልበትህ በርከክ። ቦርድ ሳይነካ አምስት በተከታታይ ካገባህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንዱን ከሳትክ እዛው። ያስምጥሃል፣ ያሰለችሃል፣ ጓደኞችህ ይስቃሉ። የፍሪ ስሮው፣ የቅጣት ውርወራው መስመር ጋ (ከቦርዱ 4.60 ሜትር ነው፣ ገመድ ለካና በኖራ አስምር) ቅርጽህ ሳይበላሽ ከአስር ሰባት ሳታገባ ወደ ሶስት ነጥቡ መስመር፣ ወደ 6.75 ሜትሩ አትመልከት።

ሁለተኛ፣ ግራ እጅህ። በግራ ሌይአፕ (ሮጠህ ሪንግ ስር ገብተህ ከቅርብ) ታገባለህ? አታገባም፣ አልጻፍክልኝም እንጂ አውቃለሁ። ሶስተኛ፣ ኳስ ሳታንጥር መጫወት። ሶስት ለሶስት ሁኑና ድሪብል ክልክል በሉ፣ ማቀበል እና መሮጥ ብቻ፣ አስር ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። መጀመሪያ ሁላችሁም እንደ ኤሌክትሪክ ፖል ትገተራላችሁ፣ ከዛ አንዱ ብልጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ከዛ ሁላችሁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከክሊፕ በአንድ ዓመት የማታገኙትን ታያላችሁ። እግር ኳስ የምትጫወት ከሆነ ደሞ አትፈር፣ ሀኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ሲያድግ የእጅ ኳስ እና የእግር ኳስ ልጅ ነበር፣ በረኛም ነበር፣ ባስኬት የያዘው 15 ዓመት አካባቢ ሆኖት ነው፣ ያ ሁሉንም ያሳበደ እግሩ ከእግር ኳስ እንደመጣ ራሱ ይናገራል። በ1994 እና በ1995 ሂውስተንን ሻምፒዮን ያደረገው በዛ እግር ነው።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን መሰለህ፣ እኔ 15 ዓመቴ ላይ 1.78 ነበርኩ፣ ከክፍሉ ረጅሙ። አሰልጣኛችን (ነፍሱን ይማር፣ ስሙን አልጠራም) ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ ረጅም፣ ሪንግ ስር ቁም» አለኝ፣ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ቆምኩ። ድሪብል ካደረግኩ ይነፋል፣ ከሩቅ ከወረወርኩ ሜዳ ሙሉ ያስሮጠኛል። 17 ዓመቴ ላይ ቁመቴ 1.80 ላይ ቀጥ አለ፣ ሌሎቹ ደርሰውብኝ አለፉኝ፣ እኔ እጄ ላይ የቀረው ሪንግ ስር መቆም ብቻ ነው፣ ሪንግ ስር የሚቆም 1.80 ደሞ ማን ይፈልጋል። በግራ እጄ ሌይአፕ የተማርኩት 24 ዓመቴ ላይ ነው፣ ያውም ከልጆች ጋር እየተሳቀብኝ። በዛሬው ጨዋታ ሪንግ ስር የሚቆመው ረጅሙ ሴንተር ያቀብላል፣ አጭሩ ሪባውንድ፣ የተሳተውን ኳስ፣ ይይዛል፣ ሁሉም ሁሉንም ይሰራል። እኔን ቁመቴ አሰረኝ፣ አንተን ደሞ መስመሩ እያሰረህ ነው፣ እዛች አንድ ቦታ ላይ ተተክለህ አንድ ነገር ብቻ እየሰራህ። ያው ሪንግ ስር መቆም ነው በለው፣ ራቅ ብሎ ነው እንጂ።

በሚቀጥለው ክረምት ጻፍልኝ። ከአስር ስንት በግራ፣ እሱን ነው መስማት የምፈልገው።

ከሰሚት፦ የኤንቢኤ ልጆች ሶስት እርምጃ ይሄዳሉ አይነፋባቸውም፣ እኛ ስንሄድ ይነፋብናል፣ ለምን?

ግማሹ ሕግ ነው ግማሹ አይናችሁ ነው። እየሮጥክ ኳሱን በቁጥጥርህ ስር ስታደርግ ያኔ መሬት ላይ ያለው እግር አይቆጠርም፣ ዜሮ ነው፣ ከዛ በኋላ ሁለት እርምጃ አለህ። ፊባም ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያነበው። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ለአይን ሶስት ይመስላል። ቆመህ ከተቀበልክ ግን ዜሮ የሚባል የለም፣ የሰፈር ተከራካሪ ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንዳንዴ ደሞ በቃ አራት ይሄዳሉ፣ ዳኛው ያልፈዋል። የኮከብ ነገር።

ከለቡ አንዲት እናት ልጃቸው 13 ዓመቱ ነው፣ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ አበጥ ያለ ነገር አለው፣ ሲዘል እና ደረጃ ሲወጣ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። አክስቱ ወጌሻ ጋ ይወሰድ ብላለች።

እማማ፣ በዚህ ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ሲያድግ የጭኑ ጡንቻ በጅማቱ በኩል የቅልጥሙን አጥንት ጫፍ ይጎትተዋል፣ በዝላይ ላይ ዝላይ ሲሆን ቦታው ይቆጣል፣ ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል፣ ሲሮጡ እና ሲዘሉ የሚውሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። እድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። እስከዛ ዝላዩን ይቀንስ፣ ከጨዋታ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት፣ እያመመው አይጫወት። ያው እኔ በደብዳቤ ስላላየሁት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይታይ። ትኩሳት ካለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳው ወይም ካነከሰ ግን ነገ ዛሬ አይበሉ። ወጌሻውን ይተዉት፣ ያበጠ የልጅ አጥንት አይታሽም፣ አክስቱን ይቅርታ በሉልኝ።

ፕሮቲን ዱቄት ልግዛ? ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል። ብሩን ለኳስ አድርገው። ካላመንከኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጠይቅ፣ እሱም ሽሮ ነው የሚልህ።

ከቱሉ ዲምቱ የ14 ዓመት ልጅ፣ ሴት፣ ሶስት ነገር ጠይቃለች። በሂጃብ ውድድር መጫወት ይቻላል ወይ፣ ኳሱ እጄ ላይ ትልቅ ይሆንብኛል፣ እና ወንዶቹ ሜዳውን አይለቁልንም።

ሂጃብ ይቻላል እህቴ፣ ፊባ በ2017 ፈቅዷል፣ የማይፈታ የማይወጋ ይሁን እንጂ። ድሮ ተከልክሎ ስለነበር አንዳንዱ ዳኛ የሰማው የድሮውን ነው፣ ብትከራከሪ ታሸንፊያለሽ። ኳሱ ትልቅ የሆነብሽ ትልቅ ስለሆነ ነው! ሴቶች የሚጫወቱት በ6 ቁጥር ነው፣ ሰፈር ያለው ሁሉ 7 ቁጥር የወንዶች ነው፣ ገና በ14 ዓመትሽ እሱን እየገፋሽ ሹትሽን አታበላሺ። ኳሱ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ስትገዙ እዩት። ወንዶቹን በተመለከተ ጭቅጭቅ አይሰራም፣ እኛ ሰፈር የሰራው ሰዓት ነው፣ ጥበቃው ፊት ተስማምተው ቅዳሜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሴቶች ብለው ግድግዳ ላይ ጻፉት፣ ጥበቃው ራሱ አስከባሪ ሆነ፣ አሁን ወንዶቹ ቆመው ያያሉ። እና ያን ድሪብል የሌለው ጨዋታ ከላይ የጻፍኩትን አንብቢው፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ነው የገባቸው፣ እኔ ያየሁት ነው።

ከቡራዩ አንድ ታላቅ ወንድም፣ ይሄኛውን እባካችሁ ሁላችሁም አንብቡት። ታናሹ 17 ዓመቱ ነው፣ ሜዳ ላይ እየሮጠ ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ራሱን ስቶ። ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ደፉበት፣ ተነሳ። ቤተሰቡ አንዴ ቁርስ ስላልበላ ነው አለ፣ አንዴ ዓይን ነው አለ፣ አሁን ፀበል ሊወስዱት ነው። «ቀለል ያለ ልምምድ ስጠው» ይለኛል ወንድሙ።

አልሰጥም። አንድም ልምምድ አልሰጥም፣ ቀለል ያለም፣ ቆሞ ማቀበልም። እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ ልቡ ሳይታይ ሜዳ አይገባም። ከሮጠ በኋላ ተቀምጦ ትንሽ ዞሮበት ቢሆን ሌላ ነው፣ እሱም መታየት አለበት እንጂ። እየሮጠ መውደቅ ግን ልብ ውስጥ ያለ ችግር የመጀመሪያም የመጨረሻም ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሶስተኛው ላይ በውሃ ላይነሳ ይችላል፣ በቀጥታ ነው የምነግርህ። ደሞ እኛ ሀገር በልጅነት ቶንሲል በደንብ ሳይታከም ቀርቶ የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ በሽታ በሽ ነው፣ እንጥል አስቆርጠነዋል ያሉት ሰዎች ዳንን ብለው ቁጭ ይላሉ፣ ልቡ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ይሄ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ ፌስቡክም አያውቅም። ሀኪም ልቡን በማዳመጫ ይስማው፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳ፣ የልብ አልትራሳውንድም ይታዘዝለት፣ ጤና ጣቢያው ከሌለው ሪፈር ያስጽፉ። ሲወድቅ ምን እያደረገ እንደነበር፣ ደረቱ ላይ ይመታው እንደነበር፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ይሄን ጽፋችሁ ያዙ፣ ሀኪሙ ይጠይቃል። ፀበሉ ይቀጥል፣ ማንም አልከለከለም፣ ሀኪሙ ግን በዚህ ሳምንት ይየው። እስከዛ ጫማውን ደብቅበት። ደርሳችሁ ስትመለሱ ጻፍልኝ፣ እየጠበቅኩ ነው።

«ከኢትዮጵያ ተጫውቶ የት ይደረሳል» የሚሉት ብዙ ናቸው፣ ከአያት የጻፈው ልጅ ግን አማርሮ ነው። ስማ፣ ደቡብ ሱዳን ሀገር ከሆነች በ2011 ነው። በ2024 ለንደን ላይ ለወዳጅነት ከአሜሪካ ጋር ተጫውተው 101 ለ 100 ነው የተሸነፉት፣ ሌብሮን እያለ፣ ከዛ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ፣ ሀገራቸው ውስጥ ጣሪያ ያለው ሜዳ እንኳን ሳይኖራቸው። ግን አልዋሽህም፣ ብዙዎቹ ልጆች ያደጉት በስደት ነው፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ። ጨዋታውን የተማሩት እዛ ነው። የሰበሰባቸው ደሞ የቀድሞው የቺካጎ ቡልስ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ ነው፣ ፌዴሬሽኑን ይዞ ከራሱም ኪስ እያወጣ። ከአያት ኤንቢኤ ትገባለህ አልልህም። ትምህርትህን ያዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቡድን አለ፣ እዛ የሚቆምልህ በግራ እጅህ የምታገባው ነው (ይሄን ግራ እጅ ዛሬ አልለቀውም)።

የመጨረሻው ከገላን ነው፦ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንድ ሪንግ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መረብ የለውም፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል፣ እንዴት አድርገን በደንብ እንለማመድ?

አንድ ሪንግ እኮ ሙሉ ስፖርት ነው አሁን። ሶስት ለሶስት ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ አለ፣ በአንድ ሪንግ፣ ግማሽ ሜዳ፣ ሶስት ተጫዋች አንድ ቅያሪ፣ 10 ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ። ከመስመሩ ውጪ 2፣ ከውስጥ 1፣ ለመወርወር ያለህ 12 ሴኮንድ ብቻ። ተከላካዩ ኳስ ከያዘ መጀመሪያ ከመስመሩ ውጪ ይዞ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ሪንግ ስር መተራመስ የለም። ለኛ ሰፈር ተብሎ የተሰራ ነው የሚመስለው።

የጎበጠውን ሪንግ ግን አትለማመዱበት፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ሪንግ ላይ የለመደ ልጅ ደህና ሪንግ ላይ ሁሌ ያጥርበታል። ከፍታው 3.05 ሜትር መሆኑን በሜትር ለኩ፣ የእኛው 2.90 ሆኖ ተገኝቶ ለስንት ዓመት ዳንክ አደረግን ብለው የሚፎክሩ ሰዎች አሉ፣ ስማቸውን አልናገርም። ብየዳ ቤት ከወሰዳችሁት ቀና ያደርገዋል። መረቡን እኛ ከናይለን ገመድ ራሳችን ነው የሰራነው፣ 12 መንጠቆ ላይ እያንዳንዱን ሁለት አጥፎ አስሮ ወደ ታች እያጠላለፉ መሄድ ነው፣ አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ሲገባ ድምፅ ከሌለው ገባ አልገባም እየተባለ ሁለት ሰዓት ክርክር ነው፣ አውቀዋለሁ። እኛ ጋ የቀረው ገመድ አለ፣ መሰላል ያለው ሰው ግን ከናንተ ይምጣ።